ጥፍር የያዘው

ነጭ መኪና ውሸታም ነው።
ጥቁሩማ ምን ይደብቃል፤ የነካው ሁሉ ያሳብቅበታል፣
ድመት ብትራመድበት ዱካዋን ለሠፈር ያወራባታል።
ነጩ ግን ዋጥ ያደርገዋል፤
ከሩቅ ስታየው ወተት ነው፣ ትናንት የተገዛ ይመስላል።

መብራቱን ከጎን ይዘህ፣ አጋድመህ ስታበራበት፣
ያኔ ነው ጉዱ የሚወጣበት፤
የሸረሪት ድር በድር ላይ፣ ክብ በክብ ላይ ተጠምጥሞበት፣
የታጠበበት ጨርቅ ሁሉ አሸዋ ይዞ የታሸበት፣
ልክ እንደ አሮጌ መስተዋት።

አፉላ፣ ሐምሌ፣ የሞሪስ ጋራዥ ጓሮ፣
ሰማዩ ነጭ፣ የሚንጣጣ ቆርቆሮ፤
ጋሽ ይስማው ታክሲውን ይዞ መጣ።
ነዳሁ አይልም፤ የእህቱ ልጅ ነው የነዳለት፤
ዓይኑን ሞራ ጋርዶበት
መንጃ ፈቃዱን መልሷል በጸጥታ።
«ሐሙስ ገዢ ይመጣል» አለኝ፤ «አጽዳልኝ፣
ሙሽራ አስመስልልኝ፣
ጭረት ቆጥሮ ዋጋ እንዳይሰብርብኝ።»

ሁለት ባልዲ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለአፈሩ።
ከዚያ ጭቃውን፣ ይኼ እንደ ሊጥ የሚታሸውን፣ በአካሏ ላይ አዞርኩ፤
የፍሬን ብናኝ፣ የሬንጅ ፍንጣቂ፣ የኢይዝራኤል ሜዳ አቧራ፣
እየለቀመ ጠቆረ በተራ።
ላስቲኳን በሰማያዊ ፕላስተር ሸፈንኩ፤
ማሽኑን ከጣራዋ ጀመርኩ።

ሰው «ጭረት አጥፊ» ይለኛል። አጥፊስ አይደለሁ።
ጉድጓድ አይሞላም፤ እኔ ዙሪያውን ነው የምልጠው፣
ጤነኛውን ቆዳ ነው የማወርደው፣
ወርዶ ወርዶ ከቁስሉ እኩል እስኪሆን።
ያኔ «ዳነ» ይሉታል። ይሁን።
ቀለሙም ብዙ አይደለም፤ ሁለቴ ብትልጠው ይታገስሃል፣
በሦስተኛው ብረቱ ብቅ ብሎ ያይሃል።
ለዚህ ነው በጥፍር የሚመዘነው፦
ጥፍርህን ሳብ አድርግበት፤ ካለፈ፣ የሚለቅ ነው፤
ጥፍር ከያዘው ግን፣ ተወው።

ጋሽ ይስማው ከተገለበጠ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተነሣ፤
ማሽኑ ጸጥ ሲል እጁን አነሣ፣
በሯ ላይ በጣቱ ሄደ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ።
«ይቺ የጊልቦዓ ቁጥቋጦ ናት፤ ምጥ የያዛት ሴት ይዤ፣
አቋራጭ አውቃለሁ ብዬ።
ወንድ ወለደች። ሒሳብ አልጠየቅሁም፤ እሷም አላስታወሰች።
ይቺ የወታደር ጠመንጃ፤ እናቱ ደጅ ስንደርስ ቀሰቀስኩት፣ ደንግጦ ዘለለ።
ይቺ ደግሞ...» ጥፍሩን መላለሰና፣
«የሱፐርማርኬት ጋሪ። የማንም አይደለችም!» አለ፣
ብቻውን ሳቀ።

ከኋላው በር እጀታ ሥር ግን ጣቱ ወደቀ፣
አልተንቀሳቀሰም።
እዚያ ጎድጓዳው ውስጥ ጥፍር በጥፍር ላይ ነው፤
ሃያ ዓመት የተሳፈረ ሁሉ ሲከፍት የጫረው፤
ከመሐል አንዷ ትረዝማለች፣ ትጠልቃለች፣ የቀለበት ትመስላለች።
«ይቺስ?» አልኩት።
ኮምፕረሰሩ ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ጠበቅኩት።
«አጽዳልኝ» አለ። «ገዢ ነው የሚመጣው።»

ሌሊቱን ጨረስኳት። ሰም ቀባኋት።
በቋንቋችን ሰም ካለ ሥሩ ወርቅ ይፈለጋል፤
እዚህ ከሰሙ ሥር ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ቆርቆሮ ነው፣ በቃ፣
እል ነበር ሥራ ስጀምር።

ሐሙስ መጣ። ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሳት፤
ጣቱ ተንሸራተተ፣ የሚይዘው አጣ።
«የማን መኪና ናት?» አለ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል
ፊቱን አየሁት።
እጀታው ሥር ሲደርስ ቆመ።
«አንዷን ረሳሃት።»
«ጥፍር ይይዛል፣ አትለቅም» አልኩት።
ዋሸሁት፤ በሁለት ዙር ትለቅ ነበር።

ገዢው ከመንገዱ ማዶ አያትና «ወተት!» አለ።
ጋሽ ይስማው ቁልፉን በግራ እጁ አቀበለ፤
ቀኙን ገና ከእጀታው ሥር አላወጣም።